የአባቴ ሞተርና የእናቴ አልጋ

ልጄ በ19 ዓመቱ ሞተር ሳይክል እንድገዛለት ሲለምነኝ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ብዬው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ52 ዓመቴ፣ ለራሴ አሮጌ ሞተር ሳይክል ልገዛ ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ ተደብቄ ሄድኩ። ለባለቤቴ «ለሥራ ጉዳይ ነው» አልኳት። ዋሸኋት። ይህን የምታነቡ ወላጆች ቶሎ እንዳትፈርዱብኝ ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

ያደግኩት በአርሲ ደጋ ነው። አባቴ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ነበረችው። በረዶ የተሞላ የክትባት ሳጥን ከኋላ አስሮ፣ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ ወደሚጠብቅበት የገበሬ ማኅበር ይሄዳል። አብዝቶ የሚከትበው ለደስታ በሽታ ነበር። በምኒልክ ዘመን የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ያመጣው ያ በሽታ ነው። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። ስለዚህ አባቴ ሁልጊዜ ይቸኩል ነበር።

ማታ ማታ የምንጠብቀው ደግሞ እኛ ነበርን። ዲቲ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት፤ ድምፅዋ እንደ ትልልቆቹ አያጓራም፣ እንደ ተቆጣ ንብ ቀጥኖ ይሰማል። ያ ድምፅ ከድልድዩ ማዶ ሲመጣ እናቴ ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች። አባቴ ደጃፍ ሲደርስ ወጡ ሞቆ ይጠብቀዋል።

አንድ ማታ ድምፁ ሳይመጣ ቀረ። አባቴን ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ቁልቁለት ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ያነክስ ነበር። ልጄን ሞተር የከለከልኩት በዚያች አንዲት ማታ የተነሣ ነው። አሮጌዋን ዲቲ ፍለጋ አዳማ ድረስ የሄድኩት ደግሞ በሌሎቹ ማታዎች የተነሣ ነው።

አሮጌ ሞተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ፣ በኪሴ የተማርኩትን በነጻ ልንገረው። መጀመሪያ ሊብሬው ይታይ። በመሪው አንገት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥርና በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በእጅ ይነካ። ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ በቀዝቃዛው በስንተኛው ርግጫ እንደሚነሣ ገዢው አያውቅም። የሰልባትዮው ክዳን ተከፍቶ ውስጡ በባትሪ ይታይ። ዝገት ካለው ከቤንዚኑ ጋር ወርዶ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ጎማው ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገር ቁጥር አለ፤ አራት አሐዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ያመለክታሉ። ሦስት አሐዝ ብቻ ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው።

ዘይትም አለ። ዲቲ ዘይቷን የምታገኘው ለብቻው ከተቀመጠ ትንሽ መያዣ በፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲያስቸግር አንዳንዱ ይነቅለውና ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እየቀላቀለ ይነዳል። ክፋት የለውም። ይህን ያልተነገረው ገዢ ንጹሕ ቤንዚን ከሞላ ግን ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ይቀራል።

እኔ የተጠነቀቅኩት ለሊብሬው ብቻ ነው። ሞተሩን ስነካው ሞቅ ብሏል። የጎማው ቁጥር ሦስት አሐዝ ነው። የዘይቱ ፓምፕ ተነቅሏል። ሻጩ ግን አንዴ ረገጠና ያ ቀጭን ድምፅ ግቢውን ሞላው። የእናቴ ወጥ የሸተተኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ የተነጋገርነው ለወጉ ያህል ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከጭነት መኪናው ላይ የምትወርደውን ሞተር አይታ «አጥራችን ይህች ናት?» አለችኝ። ገንዘቡ የግቢውን አጥር ልናሠራበት ያስቀመጥነው ነበር። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው። ልጄ ደግሞ ከሥራ ሲመለስ አንድ ጊዜ ዞራት፣ ከዚያ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ‹እኔ በሕይወት እያለሁ› ያልከኝ ይህን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ግን አብሮኝ ብሎን ሲፈታ ዋለ።

ሰላማችን የቆየው ሞተሯ እስክትታጠብ ነው። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ሥዕሎች ያሳየኝ ጀመር፤ ካፌ ሬሰር የሚባሉ ሞተሮች። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝ ነው። የለንደን ወጣቶች እንደ ኤስ ካፌ ባሉ የመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች እየተሰበሰቡ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ለመድረስ ይፎካከሩ ነበር። ለፍጥነት የማይረዳውን ሁሉ ይፈታሉ፤ መሪውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ መቀመጫውን ለአንድ ሰው ያሳጥራሉ። የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ ጭነው «ትራይተን» የሚሉትን የሠሩም እነሱ ናቸው። ፋብሪካ ያላሰበውን በጓሮ ሠሩት።

ልጄም የኛዋን ዲቲ የኋላ ብረቷን ቆርጦ እንደነሱ ሊያደርጋት ፈለገ። እኔ ደግሞ አባቴ እንደነዳት፣ ከፋብሪካ እንደወጣች እንድትሆን ነው የምፈልገው። «አንድ ብሎን አትነካም!» አልኩት። «አንተ የምትፈልገው ሙዚየም ነው» አለኝ። ድምፃችን ከፍ አለ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዷን አስቀምጣ «የቱን ፋብሪካ ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«አባቴ የነዳትን እማዬ። ከኋላዋ የነበረው የሳጥን ማሰሪያ ብረት እንኳ…»

«እሱ የኔ አልጋ ነው!»

ዕድሜዬን ሙሉ ያ ብረት ከጃፓን አብሯት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ የክትባት ሳጥኑ መቀመጫው ላይ እየተንሸራተተ ቢያስቸግረው፣ አባቴ የእናቴን የሠርግ አልጋ የግርጌ ብረት አስቆርጦ ከሞተሯ ኋላ አስበይዶታል። «ሁለት ዓመት በድንጋይ የተደገፈ አልጋ ላይ ነው የተኛሁት» አለችን። የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅ አባቴ በሕይወት ነበር፤ ዜናውን በሬዲዮ ሰምቶ በዚያች የታመመች እግሩ ግቢውን ሲዞር አስታውሳለሁ። እናቴ አሁን «የኔም አልጋ አለበት» ስትል ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «መቁረጡን ቁረጡ። ያን ማታ የጣለው አልጋዬ አይደለም። የፊት ፍሬኑ ገመድ ተበጣጥሶ በአንድ ክር ቀርቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ‹ነገ እቀይረዋለሁ› ይለኛል። ከብቱ ተሰብስቧል፣ በረዶው ይቀልጣል እያለ ሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ተበጠሰ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አልነገረችንም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ለልጆቹ የአባታቸውን ስሕተት የምትነግር ሚስት ምን ትባላለች?» አለችኝ። እኔ ግን ያንን ሳላውቅ ጥፋቱን በሞተሯ ላይ ጭኜ ኖርኩ። ልጄ ሲለምነኝ አስቀምጬ ስለ ፍሬን፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ቁልቁለት ልነግረው ይገባ ነበር። እኔ «አይሆንም» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ፍርሃቴን እንደ ሕግ አውርሼው ነበር፤ ምክንያቱን ግን ራሴም አላውቀውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በእናቴ ቅደም ተከተል ሄደ። በመጀመሪያ ፍሬን፤ ሸራውም፣ ገመዱም፣ የፊቱም፣ የኋላውም ተቀየረ። ቀጥሎ ጎማ ከነካላማዳሪው፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ መብራት። የዘይት ፓምፑን አንድ የሠፈራችን መካኒክ ከሌላ ዲቲ ያገኘውን አስተካክሎ መለሰልን፤ ይህ ብቻ ሦስት ሳምንት ወሰደ። መልኳ የመጣው በመጨረሻ ነው። ልጄ አጠር ያለ የአንድ ሰው መቀመጫ አሠርቶ በነበረው የብሎን ቀዳዳ ላይ አሰረው፤ ሻንሲው አልተቆረጠም። መሪውን ዝቅ ሊያደርግ ብሎ የሠፈራችንን ኮረኮንች አንዴ ሞክሮ ራሱ ተወው። የወለቀው ዕቃ ሁሉ ዘይት ተቀብቶ በካርቶን ተቀምጧል። አንድ ቀን የእሱ ልጅ «እንደ ፋብሪካዋ ትሁን» ቢል ያገኘዋል።

ባለቤቴም ቃሏን ጨመረች። መንጃ ፈቃድ ሳይያዝ አይነዳም፤ ሄልሜት ሳይደረግ ከበር አይወጣም፤ ማታ አስፋልት አይወጣም። ሕጉ ለልጄም ለእኔም እኩል ነው። አጥሩ አሁንም አልታጠረም። በየወሩ ከደሞዜ እየቀነስኩ እመልሳለሁ፤ ደብተሩን የያዘችው እሷ ናት።

እሑድ እሑድ ልጄ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱን ፍሬኖች እናቴ ፊት ይይዛል፤ ሞተሯን ወደፊት ገፍቶ መቆሟን ያሳያታል። እሷ ራሷን ስትነቀንቅ ይሄዳል። እኔ በር ላይ ቆሜ የሌለ ሥራ እሠራለሁ፤ አጥር የሚሆን እንጨት እቆጥራለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። ባለፈው እሑድ ከተባባልነው ሰዓት አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ ሆነ። አባቴን ስትጠብቅ እናቴ ምን ይሰማት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ መጣ። ከእኔ ቀድማ የሰማችው እናቴ ነች። ከበረንዳው ሆና ወደ ማድ ቤት ተጣራች፦

«መጥቷል፤ ወጡን ጣዱት!»