መኪና ውስጥ የቀረችው መኪና
በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ያሳለፍነው አንድ ቅዳሜ

በእኛ ቋንቋ ሰው የሚያጓጉዘውም መኪና ነው፣ ልብስ የሚሰፋውም መኪና ነው። በእኛ ቤት ሁለቱም አሉ። አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛዋ የባለቤቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ቀን የእሷን መኪና በእኔ መኪና ውስጥ ትቼ በመሄዴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አርብ ማታ የባለቤቴን የስፌት መኪና መርካቶ ከጥገና አውጥቼ በኋላ ወንበር ላይ እንዳስቀመጥኳት ግቢ ውስጥ አደረች። ጠረጴዛዋና ፔዳሏ ቤት ስለነበሩ የመጣችው ራሷ ብቻ ናት፤ ጥቁር የብረት ሲንጀር። በማግስቱ ስንመክራቸውና አብረናቸው ስንጸልይ የቆየናቸው ሁለት ወጣቶች የሚጋቡበት ቀን ነበር። ልንወጣ ስንል ባለቤቴ፣ «መጀመሪያ እሷን ቤት እናስገባት» አለችኝ።

«ይረፍድብናል። ደግሞ ማን ይነካታል?» አልኳትና ሞተሩን አስነሣሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት በኋላ ሙሽሮቹን አጅበን ለፎቶግራፍ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አመራን። ዳገቱን ስንወጣ ማገዶ የተጫኑ አህዮች መንገዱን አቋርጠው ገቡብኝ፤ ፍሬን ያዝኩ። ያቺ ብረት ከወንበሩ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ትንሿ ልጃችን እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ ባትቀመጥ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው። ጌታ ይመስገን፣ ከድንጋጤ በቀር ጉዳት አልደረሰም። ባለቤቴ ግን ዝም አለች። ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለው ዝምታ ከጩኸት ይከብዳል።

በሩ ጋ ስንደርስ ሌላ ስህተት ጨመርኩ። ሰው ሁሉ እያየ ወርጄ መኪናዋን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛው ወሰድኳት፤ እንዳትታይም በጎኗ አጋድሜ፣ ባለቤቴ ለሠርጉ የያዘችውን ነጠላ አለበስኳት። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ሲያዩኝ ቆይተው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የደበቅከው?»

«መኪና ነው አባባ።»

«መኪና ውስጥ መኪና?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ «ዕቃ የሚደበቀው ከቤት ሲወጣ ነው። እዚህ ደርሰህ ስትደብቅማ ለሁሉም ማሳየትህ ነው። በል ወደ እኔ አስጠግተህ አቁም። ዓይኔን እጥላለሁ፣ ኃላፊነቱ ግን የአንተ ነው» አሉኝ።

በጥላው ውስጥ

ማዕከሉ 705 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። ከከተማው ጫጫታ ጥቂት ርቆ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር የተያያዘ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ስፍራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ የገባው ባሕር ዛፍ እነዚህን ኮረብታዎች እንዴት እንዳለበሳቸው ሁላችንም እናውቃለን። የማዕከሉ ሥራ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውንና ሌሎቹን የአገር ዛፎች ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። አገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የእጽዋት ዝርያዎች ሲኖሯት፣ ከመቶ 10 ያህሉ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ፣ አያቶቻችን ለትል መድኃኒት ይጠጡት የነበረውን ኮሶ ዛፉ ላይ ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ።

ሙሽሮቹ በጥዶቹ መካከል ፎቶ ሲነሡ እኔ አየሩን እየሳብኩ ተደሰትኩ። ባለቤቴ ግን በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላ ትዞራለች። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና፣ «አንቺ ሴት፣ በእግዚአብሔር አትታመኚም እንዴ?» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝና፣ «እታመናለሁ። ግን ሥራ የፈታህ ጊዜ የቤት ኪራያችንን እግዚአብሔር በምን እንደከፈለው ረሳኸው?» አለችኝ።

አልረሳሁም፣ ማለትም ረስቼ ነበር። አንድ ዓመት ከአራት ወር ያለ ሥራ ስቀመጥ፣ ያቺ ጥቁር ብረት ሌሊት ሌሊት ታክ ታክ ስትል እየሰማሁ ነበር የምተኛው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስ፣ የጎረቤት መጋረጃ፣ ሁሉ በእሷ አለፈ። የእኔ መኪና ቢሰረቅ በታክሲ እንሄዳለን። የእሷ ብትሰረቅ ግን የተሰረቀው እንጀራችን ነው። በዘዳግም 24 ላይ አበዳሪ የተበዳሪውን ወፍጮ መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ሕግ ተሰጥቷል፤ ወፍጮውን የወሰደ የቤተሰቡን ኑሮ ወስዷልና። እኔ ያን ቀን የቤቴን ወፍጮ የትም ጥዬ ስለ እምነት የምሰብክ ሰው ሆኜ ነበር።

ይቅርታ ጠይቄያት አብረን ተመለስን። መኪናዋ በቦታዋ አለች፤ አባባም ከአጠገቧ አልራቁም። ነገር ግን የዕቃ መጫኛውን ስከፍት የሞቀ አየር ፊቴን መታኝ። ጠጋኙ የጨመረላት አዲስ ዘይት በሙቀቱ ቀጥኖ፣ በጎኗ ስለተጋደመች ተንጠባጥቦ፣ ነጩ ነጠላ ላይ ካርታ ሠርቷል።

ከዚህ የተማርነው

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብለን መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት አንናቀው። ውጭው 20 ዲግሪ ቢሆንም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። መስኮት ትንሽ መክፈትም እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ለአምስት ደቂቃ እንኳ መኪና ውስጥ ተትቶ አይኬድም።

ለስፌት መኪናም ቢሆን ብረቱ ቢችለው ዘይቱ፣ የጎማ ቀበቶውና የላስቲክ ክፍሎቹ አይችሉትም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዳዲሶቹ፣ በተለይ ኮምፒውተር ያላቸው፣ ከዚህም ይብሳሉ። በክረምት ደግሞ መኪና ውስጥ ያደረ ብረት እርጥበት ይዞ ሊዝግ ይችላል። ከብርድ ወደ ቤት ያስገባችኋትን የኤሌክትሪክ መኪና ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ሙቀቷ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ጠብቁ።

የግድ ይዛችኋት የምትጓዙ ከሆነ መርፌዋን አውጡ፤ ቀጥ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሏት። ከተቻለ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዳትንቀሳቀስ ደግፏት፤ ካልሆነም ወለሉ ላይ ከፊት ወንበር ጀርባ አስጠግታችሁ አስቀምጧት እንጂ ወንበር ላይ አትተዋት። መሸፈንም ካለባችሁ ከቤት ሳትወጡ ሸፍኗት። ስትደርሱም ጥላ ፈልጉ፤ ከአንድ ሰዓት በላይም አትተዋት።

ደግሞ መድን አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ። በሕግ ሁሉም ባለ ተሽከርካሪ እንዲገባው የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን ተሽከርካሪው በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ከውስጡ ለተሰረቀ ዕቃ አይከፍልም።

በመልሱ መንገድ ከጉለሌ ሳንወጣ ወደ ሽሮ ሜዳ ታጥፌ ሸማ ተራው አጠገብ አቆምኩ። «ነጠላ ልግዛልሽ» አልኳት።

ባለቤቴ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። «አሁንም ትተናት ልንወርድ ነው?» አለችና ሳቀች። «ነጠላው ይታጠባል። እኔ የምፈልገው፣ ሌላ ጊዜ ቤት እናስገባት ስልህ እንድትሰማኝ ነው።»

ቀጥታ ወደ ቤት ነዳሁ። መጀመሪያ ያወረድኩትም እሷን ነው። ባሎች ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻችን ደጋግመው ወደ ኋላ ሲዞሩ ከመቆጣታችን በፊት የሚያዩት ምን እንደሆነ እንጠይቃቸው።

ጌታ ትዳራችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።