ከርከዴና ሰሊጥ በሸሕዲ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል በወረደ ቁጥር የደጋው ብርድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሹራብ ይወልቃል፣ የውሃ ኮዳ ከእጅ አይለይም። ገንዳ ውኃ በመባልም የምትታወቀው ሸሕዲ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን አለ። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ነው። ድንበሩ ቅርብ በመሆኑም ሱዳኖች የሚወዱት ከርከዴ እዚህም ይጠጣል፤ ደረቁ ቀይ አበባ በውሃ ሲዘፈዘፍ ደም የመሰለ፣ ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ይወጣዋል።

ያረፍኩበት ቤት እመቤት የመንግሥት ሠራተኛ ናት። አሜሪካ የምትኖር የእህቷ ልጅ የላከችው ፎቶግራፍ ልጆቹን አስጎምጅቷቸው ነበር። በዚያ አገር በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን በሚውለው ሃሎዊን በተባለ የማስፈራሪያ በዓል ልጆች የጭራቅና የአጽም ልብስ ለብሰው ይዞራሉ፤ አዋቂዎች ደግሞ ለግብዣቸው በየቀለሙ የተደረበ፣ ቮድካ የገባበት ጄሊ በትንንሽ ብርጭቆ ያዘጋጃሉ። ልጆቹ ለታላቅ ወንድማቸው ምረቃ ይኸው ካልተሠራልን አሉ።

«እማዬ፣ በቮድካው ፈንታ አረቄ እናድርግበት» አለች ትልቋ።

«እነ ሐጂ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ምን ብዬ ላቅርብላቸው? ደግሞስ የሰኔ ጾም አይደለም እንዴ?» አለቻት እናቷ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጄሊን የሚያረጋው ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ በመሆኑ ለጾመኛ አይሆንም፤ ሙስሊም ጎረቤትም ምንጩን ሳያውቅ አይቀምሰውም። በዚያ ላይ 35 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚቀልጥ በቆላ ቀትር ያለ ማቀዝቀዣ መረቅ ሆኖ ይቀራል። ጥሬ ፓፓያ ከገባበትማ ከነጭራሹ አይረጋም።

መላው የተገኘው ከበቆሎ ስታርች ነው። ሁለት እፍኝ ከርከዴ በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ይጠለላል። በሌላ ድስት 100 ግራም ስታርች በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር ተጨምሮበት፣ እጅ ሳያርፍ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል። ከርከዴው መጨረሻ ላይ ገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይንተክተክ፤ ኮምጣጣነቱ አብሮ ብዙ ከፈላ ስታርቹን ያቀጥነዋል። ነጩ ድርብ የአገሩ ሰሊጥ ነው። ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ በንጹሕ ጨርቅ ከተጠለለ ግማሽ ሊትር የሰሊጥ ወተት ላይ 50 ግራም ስታርችና ስኳር ተጨምሮ እንደ ፊተኛው ይሠራል።

ቀዩ በሻይ ብርጭቆ እስከ እኩሌታው ይፈስሳል፤ ላዩ ጣት የማይዝ ሲሆን ለብ ያለው ነጭ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተብሎ ይደረብበታል። በመጨረሻ ክብ ሙዝ ላይ አንድ ፍሬ ጥቁር አዝሙድ ተሰክቶ ጣል ሲደረግበት ዓይን ይመስላል። ልጆቹ «የጭራቅ ዓይን» አሉት።

ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ከድንበሩ ማዶ ሱዳናውያን ጄሊን ከከስተር ጋር ደርበው ለግብዣ ያቀርባሉ፤ መጠጥ ግን የለበትም። አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1983 አልኮልን በሕግ ከልክላ ነበር።

«ለአዋቂዎቹ ብቻ ትንሽ ጠብ ቢደረግበትስ?» የሚል አጎት አልጠፋም። እመቤቲቱ በጄ አላለችም፤ ትክክል ናት። ስኳሩና ኮምጣጣው የአረቄውን ጣዕም ይሸፍኑታል፤ ሕፃን ደግሞ የትኛው ብርጭቆ የማን እንደሆነ አይለይም። አልኮል በልጆች ደም ውስጥ ያለውን ስኳር አውርዶ ራስን እስከ ማሳት ያደርሳል። ልጃችሁ ሳታዩት ቀምሶ ከፈዘዘ ወይም ካንቀላፋ፣ ለማስመለስ ሳትሞክሩ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አረቄ የሚወድ እንግዳ ካለ በመለኪያው ይቅረብለት።

ብርጭቆዎቹ ውሃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ተደርድረው፣ እርጥብ ጨርቅ ለብሰው፣ ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ እንግዶቹ እስኪመጡ ቆዩ። ከርከዴ ነጠላ ላይ ከፈሰሰ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ይለቅለቅ፤ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ አስቸጋሪ ነው።