ለእንግዳ ድምፅ የተቀጸለች ሰረዝ

ከጣና በስተምዕራብ ተነሥቶ በመተማ ቆላ የሚወርደው የሽንፋ ወንዝ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ረሃድ ይባላል። ውሃው አንድ፣ ስሙ ሁለት። በዚሁ ቆላ የወዲህኛውም ገበሬ የወዲያኛውም ነጋዴ ፖሊስን «ቦሊስ» ሲል ይሰማል፤ ዐረብኛ «ፐ» የለውም፣ የባላገሩም አንደበት ወደ «በ» ያደላል። የኢትዮጵያ ፊደል ግን ከአንደበቱ ቀድሞ «ፐ»ን የያዘው የግሪክ ቃላት ወደ ግእዝ በገቡበት በጥንቱ ዘመን ነው። ለእንግሊዝኛዋ «ቪ» ደግሞ በ«በ» አናት ላይ ሰረዝ ተቀጽሎ «ቨ» ተገኘች፤ «ሰ»ን «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ» ያደረገው ያው የቆየ ብልሃት ነው።

ጃፓኖችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ፉኩዛዋ ዩኪቺ በ1860 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለዚሁ ድምፅ ሲል በ«ኡ» ምልክት ትከሻ ላይ ሁለት ጭረት አኖረ። ይሁን እንጂ የጃፓን ጽሕፈት ከ«ን» በቀር ብቻውን የሚቆም ተነባቢ ስለሌለው «ኤፍ» «ኤፉ»፣ «ኤስ» «ኤሱ» ሆነው ይጻፋሉ። «ኤል» እና «አር»ማ በአንድ ምልክት ያልቃሉ፤ «ኤሩ» እና «አሩ» ናቸው። ሳድስ ያለው ፊደል ከዚህ ጣጣ ድኗል። በአንጻሩ ጃፓን መጥበቅን በታናሽ ምልክት ስታሳይ የግእዙ ፊደል ዝም ይላል። የ«መተማ»ን «ማ» አላልቶ የሚያነብ እንግዳ ከጽሑፉ የሚያርመው አያገኝም። ላቲኑ «ኤም»ን ደርቦ ማሳየት ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው መጽሔት ስለ 74,000 ዓመቱ የሽንፋ መተማ የጥንት ሰፈር ሲያትት የመተማን ስም በአንድ «ኤም» ጻፈው።

ከባዱ ነገር የቤተኛው ድምፅ ነው። በቆላው የሚኖሩት ጉሙዞች ቋንቋ ወደ ውስጥ የሚሳቡ «በ» እና «ደ» አሉት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ 15 ቋንቋዎችን በግእዝ ፊደል ሲያስተምር ጉሙዝኛ ከእነርሱ አልተቆጠረም። ኋላ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ትምህርት ቤቶች በላቲን ተጻፈ። በአማርኛ መዝገብ ስሙ በተራው «ደ» የሰፈረ ልጅ ግን እናቱ ስትጠራው ሌላ ስም ይሰማል፤ መምህሩ ሲጠራው ሌላ። ከ«ደ» የተበጀችው «ዸ» እኮ በኦሮምኛ ጽሑፍ ስታገለግል ኖራለች። ለተሳበው «በ»ም ቢሆን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው 6ኛው የዩኒኮድ እትም ለጉሙዝኛ የተበጁ የግእዝ ሆሄያትን ከነዘራቸው አስፍሯል።