ሊትልተን ላይ ያገኘነው ድሪቶ

ሬስቶራንት ያለው ሰው ሽርሽር አያውቅም። አውሮራ ያለችው ምግብ ቤታችን የምትዘጋው ማክሰኞ ብቻ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ጤፍ የሚገዛበት፣ ሂሳብ የሚሠራበት፣ የተበላሸ ፍሪጅ የሚጠገንበት ቀን ነው። መኖሪያ ቤታችን ሊትልተን ሆኖ ሳለ ከተማዋን በእግሬ ዞሬ ያየኋት ብዙ ዓመት ከኖርኩባት በኋላ ነው፤ ያውም በእናቴ ምክንያት።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ የመጣችው በ2019 ነው። እዚያ በሯ ተዘግቶ የማይውል፣ ቡናዋ ያለ ጎረቤት የማይፈላ ሴት ነበረች። እዚህ እኔ በጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ፣ ትቻት የሄድኩበት ሶፋ ላይ አገኛታለሁ። «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ስላት «ምን እሠራለሁ፣ በመስኮት ሳይ ዋልኩ» ትለኛለች። ወላጅ ያመጣችሁ ሁሉ ይህን መልስ ታውቁታላችሁ።

ሌላም ነገር ነበር። እኔ በ1996 ከአገር ስወጣ እማዬ በእጇ የሠራችውን የዳንቴል አልጋ ልብስ ሻንጣዬ ውስጥ ከታልኝ ነበር። አሥራ ሁለት በአሥራ አምስት፣ መቶ ሰማንያ አበባ። አንድ በአንድ በኪሮሽ ተሠርቶ የተጋጠመ ነው፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። እኔ ግን እዚህ ስደርስ አፈርኩበት። በአሜሪካ ቤት ማን ዳንቴል ያነጥፋል ብዬ ካርቶን ውስጥ ጨመርኩት፤ ካርቶኑም ከቤት ቤት ስንቀያይር ጋራዥ ገብቶ ቀረ። እማዬ መጥታ «ያ አልጋ ልብስ የታለ?» ስትለኝ ሄጄ ባወጣው አንደኛውን ጥግ አይጥ በልቶታል። አልተቆጣችኝም። አገላብጣ አየችው፣ አጠፈችውና «ይሁን፣ ዕቃ ነው» አለች። ከአገር ይዛው የመጣችው ኪሮሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቦርሳዋ አልወጣም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ ማክሰኞ፣ ሁሉንም ሥራ ትቼ «ተነሽ እንውጣ» አልኳት። የሄድነው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ወደሆነው የሊትልተን ሙዚየም ነው። ከአውሮራ ለምትመጡ ደግሞ በ225 ወርዳችሁ 25 ላይ ትገቡና ቤልቪው ላይ ወደ ምዕራብ መታጠፍ ነው። መኪና ለማይነዳ ከዳውንታውን ዴንቨር የሚነሳው የዲ መስመር ባቡር ሊትልተን መሃል ድረስ ያደርሳል። መግቢያው ነፃ ነው። ኬትሪንግ ከሚባለው ሐይቅ ዳር ስለሆነ እግር የደከመው ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳክዬ ማየት ይችላል። የከተማው ቤተ መጻሕፍትም እዚያው አጠገቡ ነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሪቻርድ ሊትል ነው። ሰውየው ወደዚህ የመጣው የውኃ ቦይ ለመቀየስ ነበር፤ መሬቱን ወደደውና ቀረ። በ1867 ከሌሎች ጋር ሆኖ የዱቄት ወፍጮ አቆመ፤ መንደሩም በወፍጮው ዙሪያ አደገ። እንጀራ ሸጬ ለማድር ለእኔ ይሄ ታሪክ ጆሮዬ ውስጥ ቶሎ ገባ።

ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ሁለት እርሻዎች አሉ። አንዱ የ1860ዎቹን፣ ሌላው የ1890ዎቹን ኑሮ የሚያሳይ ነው። በጎች አሉ፣ አሳማ አለ፣ አንጥረኛ ቤት አለ። የዚያን ዘመን ልብስ የለበሱ ሰዎች ሥራ እየሠሩ ያስረዳሉ። እማዬ በጎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። «ይሄ ጠጉር ለባና ነው የሚሆን» አለችኝ፤ ስለ መንዝ ባና፣ ስለ ፈትል፣ በልጅነቷ ሴቶቹ ተራ ገብተው አንዷ ለሌላዋ እንዴት ይፈትሉ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ለካ እናቴን ጠይቄያት አላውቅም።

ወደ ቤቱ ገባን። አልጋው ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ተነጥፏል፤ እዚህ አገር ኩዊልት የሚሉት። እማዬ አየት አደረገችና በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ «ውይ፣ ድሪቶ!» አለች። ደግነቱ የሰማት የለም። በእኛ ዘንድ ድሪቶ ማለት የድሃ ልብስ ነው፤ ሰው እንዳያይብህ የምትደብቀው። አስረጂዋ ሴትዮ ግን ፊቷን አይታ «ወደዱት?» አለችኝ። አዎ አልኩኝ።

ሴትዮዋ የነገረችንን ላካፍላችሁ። ኩዊልት ሦስት ንብብር ነው። ከላይ የተገጣጠመው ቁርጥራጭ፣ ከመሃል ጥጥ ወይም ሱፍ፣ ከሥር ገበር። ከዚያ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በመርፌ ከላይ እስከ ታች ይሰፋሉ፤ የስፌቱ መስመር ራሱ ጌጥ ይሆናል። ለእማዬ ስተረጉምላት ወዲያው ገባት። «መሃሉ ባዘቶ ነዋ» አለች። በ1930ዎቹ፣ ያ ክፉ የኢኮኖሚ ድቀት በመጣ ጊዜ፣ ሴቶቹ የዱቄትና የመኖ ከረጢት እየፈቱ ልብስና ኩዊልት ይሰፉ ነበር። ፋብሪካዎቹ ይህን ሲያዩ ሴቶቹ የእነሱን ዱቄት እንዲገዙ ብለው ከረጢቱን በአበባ ማተም ጀመሩ። እማዬ ሳቀች። የእርዳታ ስንዴ ከረጢት ፈትታ አንሶላ የሰፋችበት ዘመን ነበራት፤ ያኔ ለጎረቤት አልተናገረችም።

በሁለተኛው ሳምንት ጎልደን ሄድን። ከሊትልተን በሲ-470 ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲነዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ተራራው ሥር ያለች ከተማ ናት። እዚያ ኩዊልት ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም አለ፤ የሮኪ ተራሮች የኩዊልት ሙዚየም ይባላል። በ1990 የተከፈተው ዩጂኒያ ሚቸል የተባለች ሴት ሰብስባ ያስቀመጠቻቸውን ከመቶ በላይ ኩዊልቶች ሰጥታ ነው። ድሪቶው ግድግዳ ላይ፣ መብራት በርቶለት፣ እንደ ሥዕል ተሰቅሏል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1800ዎቹ አጋማሽ ሰው በጋሪ ወደ ምዕራብ ሲሰደድ፣ የሚቀሩት ሴቶች ስማቸውን ቁርጥራጭ ላይ እየጻፉ ወይም እየጠለፉ፣ ገጣጥመው ኩዊልት ይሰጡት ነበር። ብዙዎቹ ተመልሰው አይገናኙም። ይህን ለእማዬ ስተረጉም መሃል ላይ ድምፄ ተያዘ። የእኔም አልጋ ልብስ እኮ ያ ነው። ስም አልተጠለፈበትም እንጂ እያንዳንዷ አበባ የእሷ እጅ ናት። እኔ ጋራዥ ጣልኩት። መኪና ውስጥ ገብተን «እማዬ ይቅርታ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና ቤት ልንደርስ ስንል «ያንን አምጪው እስቲ፣ ልየው» አለችኝ።

ቆጠረችው። የተበሉት ሃያ ሦስት አበባዎች ናቸው። መጀመሪያ ያደረገችው፣ እንዳይተረተር የተከፈቱትን ቀለበቶች በሙሉ በቀጭን ክር ማሰር ነው። እናንተም ቤት የተቀደደ ዳንቴል ካለ ከዚያ ጀምሩ፤ እስከዚያው አትጠቡት። ክር ፍለጋ ሄድን። እዚህ የጥጥ ክር በቁጥር ነው የሚሸጠው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል። አሥርን ወሰድን፣ ወፈረባት፤ ተመልሰን ሃያን አመጣን። አዲሱ ክር ነጭ፣ አሮጌው ደግሞ ወደ ቢጫ የሄደ ስለሆነ «በሻይ እንንከረውና ይመሳሰል» ብላት እምቢ አለች። «ምኑን እንደብቃለን? የተጠገነ መሆኑ ይታወቅ» አለች። እኔም ሁለተኛ አላነሳሁትም።

ልጄ ደግሞ አያቷን ማስተማር ካላስተማረችኝ ብላ ያዘቻት። ግራኝ ስለሆነች የሚያስቸግር መስሎኝ ነበር። እማዬ ግን ከጎኗ መቀመጥ ትታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ልጅቷ እንደ መስታወት አይታ ሰንሰለቱን ሠራች። አማርኛዋ ደካማ ነው፤ እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። «ሳቢ»፣ «ዙሪ»፣ «ፍቺው»፣ «እንደገና» የሚሉት ግን ሦስት ቀን አልፈጁም። «ፍቺው» የሚለውን ከሁሉ በላይ ታውቀዋለች፤ የመጀመሪያዋን አበባ ሰባት ጊዜ ፈትታለች።

ይህን ስጽፍ ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ አልቀዋል። አሥራ ሦስቱ የእማዬ፣ አንዷ የልጄ ናት። የልጄ ትንሽ ጠበብ ብላለች፤ እማዬ ጥጉ ላይ ሳይሆን ከአሮጌዎቹ አጠገብ፣ በሚታይ ቦታ አጋጥማታለች። ዘጠኝ ይቀራል። ለገና እንደርሳለን ብላለች፤ የእኛን ገና ይሁን የፈረንጁን ግን አልተናገረችም።

አሁን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቷ ለደንበኛ ብትዘጋም በሯ ገርበብ ይላል። ሦስት እናቶች ይመጣሉ፤ አንዷ ዳንቴል፣ አንዷ ጥልፍ፣ ሦስተኛዋ ከልጅ ልጆቿ አሮጌ ልብስ ኩዊልት ጀምራለች፤ «ድሪቶዬ» ትለዋለች፣ በኩራት። ቡና እኔ አፈላለሁ። እናታችሁ በመስኮት ስታይ የምትውል ከሆነ አንድ ማክሰኞ ሊትልተን ውሰዷት፤ በጎቹን አሳዩዋት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሟት። ጋራዥ ውስጥ ያለውንም ካርቶን ክፈቱት።