ከዐስር ሶላት በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት



የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ወላጆችን አስደንግጧል። በሰፈራችን በኮልፌም ከመስጊድ ደጃፍ እስከ ቡና ላይ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። አንዱ መምህራንን፣ ሌላው መጻሕፍቱን፣ ሌላው ደግሞ ተማሪዎቹን ይወቅሳል። ያን ጊዜ ትልቋ ልጃችን የ4ኛ፣ ታናሽ ወንድሟ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። እኛ ባልና ሚስትም ከወቀሳው ይልቅ አንድ ጥያቄ አስጨነቀን፤ ለ12ኛ ክፍል የሚያበቃ የጥናት ልማድ መጀመር ያለበት መቼ ነው?

ችግሩ የት ላይ ነው?

ልጃችን በሒሳብ ትምህርት ደክማ ስለነበር አስጠኚ ፈለግን። የጎረቤታችን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሊያስጠናት ተስማማ። በመጀመሪያው ቀን «48 ለ6 ሲካፈል ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ወዲያው «8» አለች። ቀጥሎ መጽሐፏን ገልጦ አንድ ነጋዴ 48 ብርቱካን ለ6 ደንበኞች እኩል ስለማከፋፈሉ የሚናገር ጥያቄ ጮክ ብላ እንድታነብለት አደረገ። ፊደል በፊደል እየቆጠረች አነበበች። ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርስ መነሻውን ረስታዋለች። አስጠኚውም ወደ እኛ ዞሮ «ልጅቱ ሒሳቡን ታውቀዋለች፤ ያስቸገራት ንባቡ ነው» አለን።

ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ማንበብ የከበደው ልጅ በሒሳብም፣ በሳይንስም፣ በሌላውም መቸገሩ አይቀርም። ስለዚህ አስጠኚያችን ሒሳብንና ንባብን ጎን ለጎን እንዲያስኬድ ተስማማን።

ጥቂት፣ ግን በየቀኑ

አስጠኚው የሚመጣው ሦስት ቀን ነው። የቀሩት አራት ቀናትስ? እዚህ ላይ የአንድ ጃፓናዊ አባት ታሪክ ማንሳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር የነበሩት ቶሩ ኩሞን፣ የ2ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጃቸው በሒሳብ ዝቅተኛ ውጤት ማምጣቱን ባለቤታቸው ነገሯቸው። እሳቸውም ልጁ በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚጨርሰውን መልመጃ በእጃቸው እየጻፉ ያዘጋጁለት ጀመር። ልጁ ካወቀው ተነስቶ ትንሽ በትንሽ ወደማያውቀው ተራመደ። 6ኛ ክፍል ሲደርስ በከፍተኛ ደረጃ የሚሰጠውን ካልኩለስ የተባለ ሒሳብ ይሠራ ነበር። በስማቸው የሚጠራው የማስጠኛ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

መንገዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቁርአን የሚሐፍዝ ልጅ በኡስታዙ ፊት በየዕለቱ ጥቂት አዲስ ይቀበላል፤ የቆየውንም ሙራጀዓ ያደርጋል። ሙራጀዓውን ትቶ በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ገጽ ልያዝ ቢል የያዘው ሁሉ ያመልጠዋል። ጥቂትም ብትሆን የምትዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ የተወደደች መሆኗንም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል። ልጆቻችን በመድረሳ የለመዱትን ይህን ሥርዓት ወደ ሒሳቡና ወደ ንባቡ ማምጣት ብቻ ነበር የሚቀረን።

ሰዓቱን ከሶላት ጋር አያያዝነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሶላት ወቅቶች ከክረምት እስከ በጋ ብዙም አይራራቁም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው መክሰሳቸውን ይበላሉ፤ ዐስርን ይሰግዳሉ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። አሥር የሒሳብ ጥያቄዎች፣ የተሳሳቱትን እንደገና መሥራት፣ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ። ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ የእኛም ስልክ ይነሳል። ከዚያ እስከ መግሪብ ጨዋታው የእነሱ ነው። በረመዳን ጥናቱን ወደ ማለዳ እናዞረዋለን እንጂ አናቋርጠውም።

ከእኛ አንዳችን የተማርነው እስከ 8ኛ ክፍል ነው፤ ሌላችን ደግሞ ቀኑን ሱቅ ውስጥ እንውላለን። በልጆቹ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማስረዳት አንችል ይሆናል። አጠገባቸው ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ግን የትምህርት ደረጃ አይጠይቅም።

ይህንን በሚገባ ያሳየችን የልጆቹ አያት ናት። በመጀመሪያ «ኧረ ልጆቹን አታስጨንቋቸው፤ ገና ከመምጣታቸው!» ብላ ተቆጥታን ነበር። ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኑን ስታይ ተሲቢሗን ይዛ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች። ማንበብ አትችልም። ቢሆንም በየቀኑ «እስቲ ለኔም አንብቢልኝ፣ የኔ ዓለም» ትላታለች። ልጅቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘልላ ስታልፍ ወሬው ስለሚበጠስባት «እንዴ፣ ምኑን ከምን አመጣሽው?» ብላ ታስቆማታለች። ልጅቷም ተመልሳ ታነበዋለች። እንግዳ ሲመጣ እንኳ «ልጆቹ ጥናት ላይ ናቸው» ብላ የምትናገረው እሷ ሆነች።

አስጠኚው በሄደ ጊዜ

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል አስጠኚያችን ተመርቆ በክፍለ ሀገር ሥራ ያዘ። ልማዱ አብሮት እንዳይሄድ ሰጋን። ከሄደ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሰኞ፣ ዐስር እንደተሰገደ ወንድየው ኳሱን ይዞ ወደ በሩ አመራ። እኛ ሳንናገር እህቱ «ና፣ አሥሯን እንጨርስና ትሄዳለህ» ብላ ጠራችው። እያጉረመረመም ቢሆን ተመልሶ ተቀመጠ። የከፈልነው ገንዘብ የት እንደገባ በዚያች ቀን አየን። ልጅቷ በ2017 ዓ.ም. የ6ኛ ክፍል ፈተናን ያለ አስጠኚ ተዘጋጅታ አልፋለች። አንደኛ አልወጣችም፤ አልሐምዱሊላህ፣ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ግን አትሸሽም።

ወላጆች ሆይ! አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነ፣ የልጁን የቤት ሥራ ሠርቶ ደብተሩን የሚሞላላችሁን አትመኙ። ደብተሩ በእርማት አምሮ ልጁ ፈተና ላይ ባዶ እጁን ይቀራልና። ልጁ ብቻውን ምን መሥራት እንደቻለ በየሳምንቱ አሳየን በሉት። ከሚከብደው ሳይሆን ከሚችለው እንዲያስጀምረውም ንገሩት። ጥሩ አስጠኚ ቀስ በቀስ እሱን የማያስፈልገው ተማሪ ያፈራል።

ለአስጠኚ መክፈል ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ እናንተ፣ ወደ ወጣት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን እንዞራለን። 10ኛና 11ኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ የጎረቤቱን የ2ኛ ክፍል ልጅ ማስነበብ አያቅተውም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመድረሳው ግቢም ሆነ በአንዱ ቤት ሳሎን፣ አምስት ልጆች ሰብስባችሁ አንድ አንድ ገጽ አስነብቧቸው፤ የማባዛት ሰንጠረዡን ጠይቋቸው። የያዛችሁትም ዕውቀት ይበልጥ ይጸናላችኋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት የሚይዙ፣ በያዙትም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።