ከወንበር ወደ ሱጁድ



መስጂድ ውስጥ ከሰፉ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዛውንት ከሆነ «አላህ ያሽረው» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ጎልማሳና ወፍራም ከሆነ ግን በልባችሁ ሌላ ነገር ሳታስቡ አልቀራችሁም። እኔ ለአራት ዓመታት ያህል ያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ወንበር ነው።

ሥራዬ ልጆችን ቁርኣን ማስቀራት ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ መድረሳዎች ከሃያ ዓመት በላይ ምንጣፍ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ አስተምሬያለሁ። ኡስታዝ የሆነ ሰው ደግሞ ግብዣ አይጎድልበትም። ዐቂቃ አለ፣ ኒካሕ አለ፣ ሰደቃ አለ። በየቤቱ «ኡስታዝ፣ ይህቺን ብቻ» ይባላል፤ እምቢ ማለት የሰውን ቤት መናቅ ይመስላል። ሆዴ እየገፋ ሲመጣም «ማሻአላህ፣ አማረብህ» ከማለት በቀር ተው ያለኝ ሰው አልነበረም። በኛ ዘንድ ውፍረት የምቾትና የጤና ምልክት ነዋ! ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ሳለ ክብደቴ 126 ኪሎ ደረሰ።

አንድ ቀን ፈጅር ላይ ሩኩዕ ወርጄ ቀና ማለት አቃተኝ። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ እስከ ጭኔ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ። ከተማችን በ1879 ስትቆረቆር መነሻዋ ወደሆነው ፍልውሃ እየሄድኩ ታጠብኩ፤ ሙቀቱ ለሰዓታት ያህል ያሳርፈኝና ማታውን ሕመሙ ይመለሳል። የወገብ ቀበቶ ገዝቼ ታጠቅሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ፣ ከባለቤቴ ደብቄ ለዓመታት መዋጤ ነው። ይህ መድኃኒት ሲዘወተር ጨጓራን ሊያደማና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻ ሱጁድ መውረድ ተሳነኝና ወንበር ያዝኩ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም ኖሮበት ስለ ሶላት በጠየቀ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ እንደነገሩት ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ሸሪዓው ገር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ግንባሬ መሬት ሳይነካ ወራት ሲያልፉ፣ ካልሲዬን የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስታለብሰኝ፣ ውስጤ ይሰበር ነበር። ለሌላው ሰው ያስተማርኩትን ገርነት ለራሴ መቀበል አቃተኝ።

ሐኪሙ ነገሩን በቀላሉ አስረዳኝ። የሆድ ክብደት የታችኛውን የጀርባ አጥንት ወደፊት ይስበዋል። የጀርባ ጡንቻ ያንን ሸክም ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮችም ይጫናሉ። ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ መቀመጥ ደግሞ ያባብሰዋል። አመጋገቤን እንዳስተካክል መከረኝ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ አሥር ኪሎ ቀንሼ፣ አሥራ አምስት ጨመርኩ። በኋላ ስለ ጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አነሳልኝ። ስሊቭ በሚባለው ዓይነት ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የተቆረጠው አይመለስም።

ገንዘቡን ያወጣው ሪያድ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። ለመኪና መግዣ ያጠራቀመው ነበር። «ወንድሜ፣ መኪናው ይደርሳል፤ አንተ ቁም» አለኝ። እኔ ግን ሌላም ስጋት ነበረብኝ። አላህ (ሱ.ወ) የፈጠረውን አካል መቁረጥ አይሆንም ወይ? አንድ ዓሊም ጠየቅሁ። ለውበት ሲባል የሚደረገውና ጉዳትን ለማስወገድ የሚደረገው አንድ እንዳልሆነ፣ መታከምም በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታዘዝንበት መሆኑን ነገሩኝ። ኢስቲኻራ ሰግጄ በ2015 መጀመሪያ በአንድ የግል ሆስፒታል ተኛሁ።

ውድ አንባብያን! ከዚህ በኋላ «ዳንኩ» ብዬ የምጨርስ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሾርባና ቀጭን አጥሚት ብቻ ነበር። ከዚያ የላመ ምግብ፣ ቀስ በቀስም ጠንካራው። ቡና ስኒ የምታክል ምግብ ታጠግባለች። ውሃ እንኳ ከምግብ ተለይቶ በጉንጭ በጉንጭ ይጠጣል። እንደ ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ያሉትን ዕድሜ ልክ መከታተልና መውሰድ ግድ ነው። ያንን የሕመም ማስታገሻም ሐኪሙ አጥብቆ ከለከለኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ረመዷን ገባ። ውሃ በበቂ መጠን መጠጣት ስለማልችል ሐኪሙ እንዳልጾም ነገረኝ። ሌላው ሰው ኢፍጣሩን ሲጠብቅ እኔ ጓዳ ገብቼ ውሃ ስጠጣ አፈርኩ። ልጄ አየችኝና «አባዬ፣ አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዷል ብለህ አስተምረኸን የለ?» አለችኝ። መምህሩ ተማሪ ሆነ። ቀጣዩ ረመዷን ከመድረሱ በፊት በሐኪም ፈቃድ ቀናቱን ቀዷ አወጣሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

በዓመቱ 38 ኪሎ ቀንሼ 88 ገባሁ። ወገቤስ? ጭኔ ላይ የሚወርደው ሕመም ቀለለ። የታችኛው ጀርባዬ ግን አሁንም ያመኝ ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ብሶ ያድራል። ተቆጣሁ። የወንድሜን መኪና በከንቱ የበላሁ መሰለኝ። በዚህ ስሜት ላይ ሳለሁ አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲህ አለኝ፤ «ኡስታዝ፣ የተቆረጠው ጨጓራዎ ነው እንጂ ወገብዎ አይደለም። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ሸክሙ ቀንሷል፤ ተሸካሚው ግን ደክሟል። ተማሪዎ አንድ ጁዝእ የሚሐፍዘው በአንድ ቀን ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሒፍዝ ያዝኩት። ጠዋትና ማታ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ ዳሌዬን አነሳለሁ። በእጅና በጉልበቴ ተደግፌ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር እዘረጋለሁ። ከቂርቆስ ተነስቼ በመስቀል አደባባይና በባምቢስ በኩል እስከ ካዛንቺስ በእግሬ እሄዳለሁ። በ2017 የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ፈርሰው ብዙ ጎረቤቶቻችን ሲበተኑ፣ የማውቃቸውን በሮች እያጣሁም ቢሆን መንገዴን አላቋረጥኩም። ሳስተምርም በየግማሽ ሰዓቱ እነሳለሁ። እንቁላሉን፣ ምስሩንና ባቄላውን ለጡንቻ ብዬ አስቀድማለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሥር ሰደድ የታችኛው ጀርባ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ሕመሙ መማርን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን ግን አልመከረም። ብቻዬን የተቸገርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ሕመም የሚቸገሩት 619 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበሩ ይኸው ድርጅት አስታውቋል።

አንድ ጁሙዓ ቀን ወንበሩን ሳልይዝ ሰፉ ውስጥ ቆምኩ። ሱጁድ ስወርድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ኢማሙ «አላሁ አክበር» ብለው ሲነሱ እኔ መነሳት ያቃተኝ በሕመም አልነበረም፤ እንባዬ ስላሸነፈኝ ነው። ዛሬም ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ብርድ ሲሆን ይቀሰቀሳል፤ ያን ቀን ወንበሩን እይዛለሁ፤ አላፍርበትም።

ውድ እናቶችና አባቶች! እንግዳችሁን በምግብ አታስጨንቁ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንድንተው መምከራቸውን እያወቅን ሦስቱንም ሲሶ ለእንጀራ ያደረግን ብዙ ነን። ወገባችሁን ያመማችሁ ደግሞ መድኃኒት በድብቅ አትዋጡ። እግራችሁ ከደነዘዘና ከዛለ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ቀዶ ሕክምናን የምታስቡም ካላችሁ፣ ከቢላዋው በኋላ የሚጠብቃችሁን ሥራ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንበር ላይ የሚሰግደውን ወንድማችሁን ስታዩም ዱዓ አድርጉለት እንጂ ሆዱን አትመልከቱ።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ ጤናችንንም ለዒባዳ የምናውለው ያድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።