ድንኳኑ የት ይተከላል?

የአዲስ አበባ ሰው ጓሮውን ድንጋይ ለማልበስ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታየው የክረምቱ ጭቃ ነው። የእኛ ቤት ክርክር ግን ከጭቃው አልፎ ሄደ። ልጆቼ «ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ይፍሰስበት» አሉ። እናቴ ደግሞ «ጤና አዳሜንና በሶብላዬን አትንኩብኝ፤ ለመሆኑ ድንኳን ሲተከል ካስማው የት ሊገባ ነው?» አለች።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ግቢ በእኛ ዘንድ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ቡና የሚፈላበት ብቻ ሳይሆን የሠርጉም የለቅሶውም አዳራሽ ነው። ስለዚህ ከደጃፉ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሚሆነውን ብቻ በጠረብ ድንጋይ ልናነጥፍ ተስማማን።

ሰፈራችን ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፤ ላዩ የፈሰሰውን ሲሚንቶም ይሰነጥቀዋል። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቀጠቃል፤ አሸዋ ይለብሳል፤ ድንጋዩ የሚደረደረው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ወደ ቤቱ መሠረት እንዳይመለስ ንጣፉ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አትክልቱ ያዘቀዝቃል።

አሸዋ ላይ ያረፈ ድንጋይ ቢሰምጥ ተነሥቶ ይስተካከላል፤ በየመገጣጠሚያውም ጥቂት ውሃ ያሰርጋል። የቀረውን አትክልቱ ይጠጣዋል። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዝናብ ቁልቁል ወርዶ ከበታቻችን ያሉትን ጎረቤቶች ደጅ ያጥለቀልቅ ነበር። የራስን ጭቃ አስወግዶ ለጎረቤት ጎርፍ መላክ ደግሞ ግቢ ማሳመር አይባልም።